የካምቦዲያን የግድግዳ ካሌንደር እንዴት እናንብብ?

የምኖርበት የፕኖም ፔን ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ትልቅ ካሌንደር ተሰቅሏል። የአከራዬ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ኦም» ይላቸዋል፤ በክመርኛ ከወላጅ በዕድሜ የሚበልጥ አክስት ወይም አጎት እንደማለት ነው። እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ።

በመጣሁበት ዓመት ኦም «የፎትሮቦት ወር 1 ቀን፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ፓጎዳ አብረን እንሂድ» አሉኝ። እኔ የወሩን መጀመሪያ ያዝኩ። በዚያ ሌሊት ተነስቼ ብወርድ ቤቱ ጭልም ብሏል። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በትክክለኛው ሌሊት፣ ኦም ደጅ ቆመው ሲጠብቁኝ እኔ ተኝቻለሁ። ሲነጋ እርሳስ ይዘው ካሌንደሩ ፊት አስቀመጡኝ። ያን ቀን ያስተማሩኝን ነው የምጽፍላችሁ።

ትልቁን ቁጥር ለጊዜው ተዉት፤ የፈረንጆቹ ቀን ነው። የምትፈልጉት ከሥሩ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ነው። እዚያ ላይ አንድ ቁጥርና አንድ ቃል አለ። ቃሉ «ካእት» ከሆነ ጨረቃ እየሞላች ነው፤ «ተወለደ» ማለትም ነው። «ሮች» ከሆነ እየጎደለች ነው። ስለዚህ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት 1፣ ሁለት 8 አለ። 16 የሚባል ቀን የለም። 15 ካእት ሙሉ ጨረቃ ናት፤ በማግስቱ ቆጠራው 1 ሮች ብሎ እንደገና ይጀምራል። እኔን ያሳሳተኝ ይኸው ነው። ፊደሉን ካላወቃችሁ ሰማዩን እዩ። ፀሐይ ስትጠልቅ ጨረቃዋ ቀድማ ወጥታ ከጠበቀቻችሁ ካእት ነው። ከመሸ በኋላ ዘግይታ ብቅ ካለች ሮች ነው።

ወሮቹ 12 ናቸው፤ 29 እና 30 ቀን እየሆኑ ይፈራረቃሉ። ባለ 29ኙ በ14 ሮች ያልቃል፣ ባለ 30ው በ15 ሮች። ድምሩ 354 ይመጣል። ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ይጎድለዋል ማለት ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይቺን 11 ወዲያው ያውቃታል፤ ጥንተ አበቅቴ ናት። ክመሮች ጉድለቱን የሚሞሉት በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንዴ «አሳት» የተባለውን ወር ሁለት ጊዜ በመቁጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 እንደዚያ ሆኖ ዓመቱ 384 ቀን ሞላ። በእንዲህ ያለ ዓመት መነኮሳቱ ለሦስት ወር የክረምት ሱባኤ የሚገቡት ሁለተኛው አሳት ሲደርስ ነው። በዓላቱም አብረው ይንሸራተታሉ። የሙታን መታሰቢያው ፕቹም ቤን በ2023 ኦክቶበር 14 ዋለ፣ በ2024 ደግሞ ኦክቶበር 2። ያምናውን ቀን ይዛችሁ የአውቶቡስ ትኬት አትቁረጡ።

በአንዳንድ ቀኖች ላይ ትንሽ የቡድሃ ምስል አለች። «ትንጋይ ሰል» ነው፤ ምእመናን ፓጎዳ ሄደው ትእዛዛቱን የሚቀበሉበት ቀን። 8 ካእት፣ 15 ካእት፣ 8 ሮች እና የወሩ መጨረሻ ናቸው። ኦም ዋዜማውን ከገበያ የሎተስ እንቡጥ ይገዛሉ። ወንበር ስበው ይቀመጡና የውጪውን አረንጓዴ ቅጠል አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ወደ ውስጥ ያጥፉታል። ቀስ በቀስ የውስጡ ሮዝ ይገለጣል። አይቸኩሉም። እኔ ሦስት ሳጥፍ እሳቸው አሥር ጨርሰዋል።

የዓመቱ ቁጥር ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። አዲስ ዓመት የሚገባው በፀሐይ ነው፣ አፕሪል አጋማሽ ላይ። የዓመቱ እንስሳም ያኔ ይቀየራል። እኛ ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ እንደምንለው እነሱ የዘንዶ ዓመት፣ የእባብ ዓመት እያሉ 12 እንስሳ ይቆጥራሉ። የቡድሃ ዘመን የሚባለው የዓመት ቁጥር ግን አብሮ አይቀየርም። የፒሳክ ወር ሙሉ ጨረቃ እስኪያልፍ ይቆያል። በ2024 የዘንዶው ዓመት በአፕሪል ገባ፤ 2567 ወደ 2568 የተሻገረው ግን ሜይ 23 ነው። የመንግሥት ደብዳቤ ላይ ሁለቱም ስለሚጻፉ ይህን ሳታውቁ የተሳሳተ ሊመስላችሁ ይችላል።

አሁን ወደዚያች ወደ አመለጠችኝ ሌሊት ልመለስ። ከ1 ሮች እስከ 15 ሮች ፎትሮቦት ያሉት ቀኖች የሙታን ናቸው። የኦም ሁለት ወንድሞች በኮሚኒስቱ የክመር ሩዥ አገዛዝ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1979 ባለው ጊዜ ሞተዋል። የት እንደወደቁ አልታወቀም፣ ቀኑም አይታወቅም። ሙት ዓመት የሚወጣበት ቀን የላቸውም። ኦም እነሱን የሚያገኙት በእነዚህ 15 ቀኖች ነው። እኔን ይዘው መሄድ የፈለጉት ወደዚያ ነበር። ይህ ሲገባኝ አንጀቴ ተላወሰ።

በዓመቱ አልተኛሁም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጨረቃዋ በምዕራብ በኩል ገና ሙሉ ናት። በጨለማው ቤተ መቅደሱን እየዞርን ሰሊጥ የገባበት የሩዝ እንክብል መሬት ላይ ጣልን። የተራቡ ነፍሳት ብርሃን አይችሉም ስለሚባል ሳይነጋ መጨረስ አለበት። ኦም በእያንዳንዱ እንክብል አንድ ስም ይጠራሉ።

እናንተም ስትሄዱ የሟቾቻችሁን ስም በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ መነኮሳቱ ያነቡታል። እኔ የአያቴን ስም ቀስ አድርጌ ጠራሁላቸው። ኦም ደጋግመው አስጠሩኝና በክመር ፊደል ጻፉልኝ፤ ከወንድሞቻቸው ስም ሥር።