ጠፍሩ ሲረዝም፣ ስፌቱ ሲቀደድ፦ በቆዳና በኮርቻ ሥራ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

በቆዳ ሥራ ላይ የሚታየው ብልሽት አብዛኛው የሚወሰነው ስፌት ሳይጀመር፣ ዕቃው ሲገዛ ነው። የእርካቡ ጠፍር ሲረዝም፣ ስፌቱ ከቀዳዳው ሲቀደድ፣ ልጓሙ ክረምት ላይ ሲሻግት ሠሪው የሚወቅሰው እጁን ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የተገዛው ቆዳ፣ የወስፌው ቅርጽ ወይም የክሩ ዓይነት ነው። ይህ ጽሑፍ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ለሚሠሩ የተዘጋጀ ነው። እዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እርጥበት ከባድ ስለሆነ፣ በደረቅ አገር የሚሠራ ዘዴ ሁሉ እዚህ አይሠራም።

የእርካቡ ጠፍር ይረዝማል፣ የዘለበቱ ቀዳዳ እየሰፋ ይሄዳል

ሁለት ምክንያት አለው። የመጀመሪያው ጠፍሩ ከየትኛው የቆዳው ክፍል እንደተቆረጠ ነው። የበሬ ቆዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት አይደለም። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያለው የጀርባና የዳሌ ክፍል ጥቅጥቅ ያለና የማይለጠጥ ነው። የሆዱና የብብቱ ክፍል ግን ልል ነው፤ በሁለት እጅ ይዘው ሲስቡት ይለጠጣል፣ ሲለቁትም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ክብደት የሚሸከም ጠፍር ሁሉ፣ ማለትም የእርካብ፣ የሆድ ማሰሪያና የልጓም ጠፍር፣ ከጀርባው ክፍል፣ ከአከርካሪው ጋር ትይዩ ሆኖ ይቆረጣል። ወደ ጎን የተቆረጠ ጠፍር ከጥሩ ቆዳም ቢሆን ይረዝማል። የሆዱ ክፍል ለገበር፣ ለኪስና ለቁልፍ መያዣ ይውላል እንጂ አይጣልም።

ሁለተኛው ምክንያት አለፋፉ ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው በክሮም (በኬሚካል ጨው) የለፋ ቆዳ ለጫማ ፊት፣ ለጃኬትና ለቦርሳ ተስማሚ ነው፤ ለስላሳና ውሃን የሚችል ነው፣ ግን ይለጠጣል። ለኮርቻ ሥራ የሚፈለገው እንደ ሚሞዛ ባሉ የዛፍ ቅርፊቶች፣ በዕፅ የለፋው ነው። ሻጩ የሚለውን ብቻ አይመኑ፤ ከጠርዙ የጥፍር ያህል ቁራጭ ለምነው ይፈትኑት፦

- የተቆረጠውን ጠርዝ ይመልከቱ። መሃሉ ወደ ሰማያዊ ወይም ግራጫ የሚያደላ ከሆነ ክሮም ነው። በዕፅ የለፋ ቆዳ ከላይ እስከ ታች ቡናማ ነው።
- የሥጋው ፊት (ከሥጋው ጋር ተጣብቆ የነበረው ወገን) ላይ የውሃ ጠብታ ያኑሩ። በዕፅ የለፋው ቶሎ ይመጠዋል፣ ይጠቁራልም። ክሮሙ ውሃውን ለጊዜው አንጠልጥሎ ያቆየዋል።
- በፈላ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ይክተቱት። በዕፅ የለፋው ይኮማተራል፣ ይጠቀለላል። በደንብ የለፋ ክሮም ቅርጹን ይጠብቃል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃው 94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል፤ ለዚህ ፈተና ይበቃል።
- ደጅ ላይ ያቃጥሉት። የክሮም አመድ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ የዕፁ ግን ግራጫ ወይም ጥቁር ነው።

ውፍረትም አብሮ ይታያል። ለእርካብ ጠፍር ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ ለልጓም ከ3 እስከ 4፣ ለቀበቶ ወደ 3.5፣ ለቦርሳ ከ1.5 እስከ 2.5፣ ለገንዘብ መያዣ ከ1 እስከ 1.5 ይበቃል። ካሊፐር ከሌለ ተራ የፎቶኮፒ ወረቀት ይበቃል፤ 10 ቅጠል ሲደራረብ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 40 ቅጠል ይዘው ገበያ ይውጡና ከቆዳው ጠርዝ ጎን ይለኩ። የሚለካው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ጀርባው 4 ሆኖ ሆዱ 2 ሊሆን ይችላል።

አዲስ ጠፍር ጥሩ ቢሆንም ትንሽ መለጠጡ አይቀርም። ስለዚህ ቀዳዳ ከመብሳት በፊት በእርጥብ ጨርቅ ያርጥቡት፣ 20 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን አንጠልጥለውበት አንድ ሌሊት ያሳድሩት፣ ጥላ ላይ ያድርቁት። ከዚያ ግራና ቀኙን ጎን ለጎን አስተኝተው ቀዳዳዎቹን በአንድ ላይ ለክተው ይብሱ። ፈረሰኛ የሚወጣው በግራ በኩል ስለሆነ የግራው ጠፍር ቀድሞ ይረዝማል፤ በየወሩ ማቀያየሩ ዕድሜውን ያስተካክለዋል። ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ የሚሄድ ኮርቻ ጠፍሩ በኅዳር ቢቆረጥ ይመረጣል። በታኅሣሥ መጨረሻ የተቆረጠ ጠፍር ለመለጠጥም፣ ቅባት ለመጠጣትም ጊዜ አያገኝም።

ከላይ ጥሩ የሚመስል ቆዳ ሲሠሩት ይቀደዳል ወይም ይሸበሸባል

ቆዳውን ገልብጦ ሳያይ የሚገዛ ሰው የሚያገኘው ይህን ነው። በሥጋው ፊት ላይ በእርድ ጊዜ የገባ የቢላ ቁርጥ ካለ፣ ውፍረቱ እዚያ ቦታ ላይ ግማሽ ሆኗል ማለት ነው። ጠፍሩ የሚበጠሰውም እዚያው ላይ ነው። ከላይ በኩል ደግሞ የመዥገር ጠባሳ፣ የእሾህ ጭረትና በጋለ ብረት የተተኮሰ ምልክት ይፈልጉ። የበግና የፍየል ሌጦ ሲሆን ትልቁ ጠላት እከክ ነው። በውጭ ጥገኛ ተባዮች የሚመጣው ይህ ጉዳት ከቀለሙ ሥር ተደብቆ ስለሚቆይ፣ ቆዳውን ወደ ብርሃን አዘንብለው በጎን በኩል ሲያዩት ነው ጥቃቅን እብጠቱ የሚታየው። ለገበር የሚውል ከሆነ ችግር የለውም። ፊት ለፊት ለሚታይ ቦታ ግን አይግዙት።

በስኩዌር ፊት ርካሽ የተባለ ቆዳ ሲሶው ሆድና ጠባሳ ከሆነ ርካሽ አይደለም። ለጠፍር የሚሆነውን ክፍል ብቻ ለክተው ዋጋውን ለዚያ ያካፍሉት።

ስፌቱ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ይቀደዳል

ይህ ከወስፌው የሚመጣ ነው። ለሞሰብና ለአገልግል ስፌት የሚሆነው ወስፌ ክብ ነው፤ አክርማና ሰንደዶ መሃል ገብቶ ቦታ ማስከፈት ነው ሥራው። ወፍራም ቆዳ ላይ ሲውል ግን በኃይል ይገፋል እንጂ አይቆርጥም፣ ቀዳዳውም ከሚገባው በላይ ይሰፋል። ለቆዳ የሚፈለገው ጫፉ አራት ጠርዝ ያለው፣ ከጫፉ በኩል ሲታይ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ወስፌ ነው። ወርዱ ለ0.8 ሚሊ ሜትር ክር 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃል። ካላገኙ ክቡን ወስፌ በመሳያ ድንጋይ ላይ አራት ጠርዝ ማውጣት ይቻላል። በሞተር ድንጋይ ከሆነ በየጥቂት ሰከንዱ ውሃ ውስጥ ይንከሩት። ብረቱ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል፣ ከዚያ በኋላ ይጎብጣል።

ሲወጉ አልማዙ ከስፌቱ መስመር ጋር ወደ 45 ዲግሪ ዘንበል ይበል። ቀዳዳዎቹ በመስመሩ ላይ ጫፍ ለጫፍ ከተገጣጠሙ ቆዳው እንደ ቴምብር ጠርዝ በመስመሩ ይገነጠላል። በወፍራም የኮርቻ ሥራ በቀዳዳዎቹ መካከል 4 ሚሊ ሜትር፣ በቀጭን ሥራ 3 ሚሊ ሜትር ይተው። ከጠርዙ ያለው ርቀትም ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጥርሳም መብሻ ለሌለው ሰው ጥርሱ እኩል የሆነና ርቀቱ ከዚህ ጋር የሚስማማ የምግብ ሹካ ምልክት ለማድረግ ይበቃል፦ መጨረሻው ጥርስ ያለፈው ምልክት ላይ እየገባ ይቀጥላል፣ መስመሩ ሳይዛነፍ ይሄዳል።

ቀድሞ የተቀደደ ስፌት ካለ በዚያው ቀዳዳ መልሶ መስፋት ዋጋ የለውም። ጠርዙን 6 ሚሊ ሜትር ያህል ቆርጠው አዲስ መስመር ያውጡ። ለዚህ የሚበቃ ትርፍ ቆዳ ከሌለ ከሥሩ ቀጭን ቆዳ ይለጥፉና በሁለቱ ላይ ይስፉ።

ከፊት የሚያምር ስፌት ከጀርባ ይጣመማል

ወስፌው ቀጥ ብሎ አልገባም። ሥራውን በጉልበት መሃል በሚያዝ የእንጨት መቆንጠጫ አጥብቀው፣ ወስፌውን ለቆዳው ቀጥ አድርገው ይውጉ። ወስፌው ቀጥ ብሎም ስፌቱ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች የሚያዘነብል ከሆነ የመርፌዎቹ ቅደም ተከተል እየተቀያየረ ነው። በአንድ ክር ሁለት ጫፍ ላይ ሁለት ጫፋቸው ደነዝ መርፌ ይሰካል። ሁልጊዜ አንዱ ለምሳሌ የቀኙ ቀድሞ ይገባል፣ የግራው ሁልጊዜ በክሩ አንድ ወገን ይከተላል። ሁለተኛው መርፌ የመጀመሪያውን ክር እንዳይወጋው ይጠንቀቁ። ከወጋው ክሩ ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ሲስቡትም ይታነቃል።

የክሩ ርዝመት ለወፍራም ሥራ የስፌቱን መስመር 4 እጥፍ፣ ለቀጭን 3 እጥፍ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ወፍራም መስመር 1.20 ሜትር ቆርጠው ለመርፌዎቹ ሌላ 20 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩ። ሲጨርሱ ሦስት ስፌት ወደ ኋላ ይመለሱና ይቁረጡ።

ክሩ ይበጠሳል

የጥጥ ክር በፈረስ ላብ ይበሰብሳል። ናይለን ጠንካራ ነው፣ ግን ይለጠጣል፤ በፀሐይ ላይ ሲውልም ይደክማል። ለኮርቻ ሰም የተቀባ የፖሊስተር ክር ይመረጣል። ሰሙ ንጹህ የንብ ሰም ይሁን። ጎጃም የማር አገር ስለሆነ ሰም ማግኘት ከባድ አይደለም፤ ሆኖም በፓራፊን የተደባለቀ ይሸጣል። ቁራሹን በጣትዎ ያሹት፦ የንብ ሰም ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል፤ ፓራፊን ያለበት ይፈረፈራል፣ ክሩም ላይ አይቆይም።

ማስቲሹ ይለቃል

ማስቲሽ የሚይዘው ሸካራ፣ ደረቅና ቅባት የሌለው ፊት ነው። ፀጉር የነበረበትን ለስላሳ ፊት በብርጭቆ ወረቀት ሳያሻክሩ መለጠፍ ከንቱ ድካም ነው። ሁለቱንም ፊት ይቀቡ፤ የሥጋው ፊት ስለሚመጠው ሁለተኛ ቅብ ይፈልጋል። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቀው በጣትዎ ጀርባ ይንኩት። የሚጣበቅ ሆኖ ክር የማያወጣ ከሆነ ደርሷል። ከዚያ ገጥመው በመዶሻ ይምቱ። ዝናብ በሚጥልበት ቀን ማስቲሹ ሲተን ፊቱን ስለሚያቀዘቅዘው ቀጭን ጤዛ ይይዝበታል፣ መልቀቁም ከዚህ ይመጣል። እንዲህ ሲሆን በሞቀ ክፍል፣ መስኮት ከፍተው ይሥሩ። ማስቲሹ ስፌቱን ለመደገፍ ነው፤ ክብደት የሚሸከም መገጣጠሚያን በማስቲሽ ብቻ መተው ለፈረሰኛው አደጋ ነው።

እርጥብ ቆዳ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል

በዕፅ የለፋ ቆዳ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። የዛገ መዶሻ፣ የብረት ጠረጴዛ ወይም የቀለጠ ዝገት ያለበት ዘለበት ይበቃዋል። አዲስ ነጠብጣብ ከሆነ የሎሚ ጭማቂ በእኩል ውሃ አቅጥነው ይጥረጉት፤ ነጠብጣቡን ብቻ ሳይሆን መላውን ፊት። ከዚያ በንጹህ ውሃ አጥበው ያድርቁና በስሱ ቅባት ይቀቡ። ለኮርቻ የነሐስ ወይም የማይዝግ ብረት ዘለበት ይግዙ፤ ኒኬል የተለበጠው ልባሱ ሲላጥ ከሥሩ ይዝጋል።

ክረምት ላይ ነጭ ነገር ይወርሰዋል

ነጩ ሁሉ ሻጋታ አይደለም። ሞቅ ባለ እጅ ሲያሹት ቀልጦ የሚጠፋ ከሆነ ከቆዳው ውስጥ የወጣ ቅባት ነው፤ በደረቅ ጨርቅ ማሸት ይበቃል። የማይቀልጥ፣ ፀጉራማና የሚሸት ከሆነ ሻጋታ ነው። ደጅ አውጥተው በብሩሽ ያራግፉት፣ 70 በመቶ አልኮል በነካካ ጨርቅ ይጥረጉት። ቀለሙን እንዳያነሳ አስቀድመው በማይታይ ቦታ ይሞክሩት። ከዚያ ነፋስ ያለበት ጥላ ላይ ያድርቁት። ፀሐይና ምድጃ ቆዳውን ያኮማትሩታል፣ ይሰነጥቁታልም። በፌስታል ወይም በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ሻጋታ መጋበዝ ነው። ከግድግዳው ራቅ አድርገው ይስቀሉት፣ መሸፈን ካለበት በአቡጀዲ ይሁን።

ቅባት ተቀብቶም ይደርቃል፣ ወይም ይጣበቃል

በኑግ ወይም በተልባ ዘይት ተቀብቶ ነው። ሁለቱም አየር ሲያገኛቸው ቀስ እያሉ የሚደርቁ ዘይቶች ናቸው። ለጊዜው ያለሰልሱታል፣ ከሳምንታት በኋላ ግን ሙጫ ሆነው አቧራ ይሰበስባሉ። ቅቤም ይሸታል፣ አይጥ ይጠራል። የጉሎ ዘይት አይደርቅም፣ ይሠራል። ከሁሉ የሚሻለው ጨው የሌለው የበሬ ሞራና የንብ ሰም ነው፦ 300 ግራም ሞራ አቅልጠው ካጠለሉ በኋላ 100 ግራም ሰም ይጨምሩ፣ ድስቱን በሌላ ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ አስቀምጠው ሁለቱ እስኪዋሃዱ ያማስሉ። የታጠበ ቆዳ እርጥበቱ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ በስሱ ይቀባል። ለአንድ ልጓም አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ብዙ ቅባት ጠፍሩን ያላላዋል፣ መልሶም ያረዝመዋል።

ጠፍሩን በጣትዎ ላይ ሲያጥፉት ከቀለሙ አልፎ ወደ ውስጥ የሚገባ ስንጥቅ ካሳየ ግን ቅባት አያድነውም። ከእርካብ፣ ከሆድ ማሰሪያና ከልጓም ላይ ያውጡት።

ፈረሱ ገጣባ ይሆናል

ከግልቢያ በኋላ ኮርቻውን ያንሱና ጀርባውን ይዩ። ላቡ እኩል ከሆነ ኮርቻው በደንብ ተቀምጧል። በላብ መሃል ደረቅ ቦታ ካለ ጫናው እዚያ ላይ በዝቶ ሊሆን ይችላል፤ ችላ ከተባለ ነጭ ፀጉር ይወጣበታል፣ ቀጥሎ ይቆስላል። ሰው ሲቀመጥበት በኮርቻው እንጨትና በጫንቃው አጥንት መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለበት፣ ከአከርካሪው በላይም ከፊት እስከ ኋላ ምንም አይነካ። ክፍተቱ ከጠፋ ምንጣፍ መደራረብ ጫናውን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ አይፈታውም። የጎኑን ሙሌት ፈትተው፣ የተቋጠረውን ሱፍ በእጅ ፈታትተው እኩል ይሙሉት። የስፖንጅ ሙሌት በአንድ ክረምት ይጎደጉዳል፣ ውሃም ይይዛል፤ ስለዚህ ሱፍ ይመረጣል። ቁስሉ እስኪድን ፈረሱ አይጫን፤ የጋሪ ፈረስ ከሆነም የደረቱ ጠፍር የሚያርፍበትን ቦታ በዚሁ መንገድ ይመርምሩ፣ የውስጥ ጠርዙንም በወስፌ እጀታ አሽተው ያለስልሱት።