ከሲያትል ዳርቻ ወደ ቀዝቃዛው ባሕር፦ አንድ ዳይቭ እንዴት ይታቀዳል?

በኢላት፣ በጅቡቲ ወይም በሁርጋዳ መጥለቅን (ዳይቪንግን) ተምረውና የምስክር ወረቀት ይዘው ወደ ሲያትል የሚመጡ ወገኖች እዚህም መጥለቅ ይችላሉ። ሆኖም በቀይ ባሕር ጀልባ ወስዶ ያወርዳቸው፣ መሪ ፊት ፊታቸው እየዋኘ መንገድ ያሳያቸው፣ ውሃውም ከ20 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይቀበላቸው ነበር። እዚህ መኪናውን የሚያቆመው፣ የአየር ሲሊንደሩን ተሸክሞ ወደ ውሃው የሚወርደው፣ መሄጃውንና መመለሻውን የሚወስነው ጠላቂው ራሱ ነው። ቅዝቃዜው ደግሞ የጣቶችን ቅልጥፍና ብቻ ሳይሆን የማሰብን ፍጥነትም ይቀንሳል። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ሊወሰን የሚችል ማንኛውም ነገር አስቀድሞ በሞቀ እጅ፣ በደረቅ ወረቀት ላይ መወሰን አለበት ብዬ አምናለሁ። ይህ መመሪያ መሠረታዊ ሥልጠና ላለው ሰው የተጻፈ ሲሆን ሥልጠናን አይተካም።

ምሳሌ አድርጌ የምወስደው በዌስት ሲያትል፣ በሲክረስት ፓርክ የሚገኘውንና ጠላቂዎች «ኮቭ ቱ» የሚሉትን ትንሽ ወሽመጥ ነው። ከኤሊዮት ቤይ ማዶ የመሀል ከተማው ሕንጻዎች ፊት ለፊት ይታያሉ። ከዳርቻው ጥቂት ዋኝቶ ጥልቅ ውሃ ስለሚገኝ ለጀማሪም ለልምድ ያለውም ይስማማል፤ አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ወለሉ በዝግታ እየዘቀጠ ይሄዳል እንጂ በ18 ሜትር ላይ ቆሞ አይጠብቅም። ብርሃኑ እየደበዘዘ ሲሄድ ጥልቀቱን በዓይን መገመት አይቻልምና፣ «እስከ 18 ሜትር ብቻ» ብለው የተነሡ ሁለት ሰዎች አንድ ዓሣ ሲከተሉ ሳያውቁት 25 ሜትር ሊደርሱ ይችላሉ። የጥልቀቱን ገደብ ከመውረድዎ በፊት ከጓደኛዎ ጋር ይስማሙበት፤ የእጅ ኮምፒውተርዎም በዚያው ጥልቀት ላይ ድምፅ እንዲሰጥ አድርገው ይሙሉት።

ቀኑንና ሰዓቱን መምረጥ

በአማርኛ «ክረምት» እና «በጋ» ስንል ከዚህ አገር ወቅት ጋር ስለሚምታታ የወራቱን ስም በቀጥታ እጠቀማለሁ። ውሃው በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን በኦገስት መጨረሻ 12 ወይም 13 ይደርሳል። ብዙ ሰው ሞቅ ባለው ወር መውረድን ይመርጣል፤ ነገር ግን ከጸደይ ጀምሮ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የባሕር ዕፅዋት ስለሚባዙ የላይኛው ውሃ እንደ ጎመን ሾርባ አረንጓዴ ይሆናል። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ግን ውሃው ጥርት ይላል። በየትኛውም ወር ቢሆን፣ በቀትርም ጭምር፣ መብራት ሳይዙ አይውረዱ፤ አንድ በእጅ፣ አንድ ትርፍ በኪስ።

ቀጥሎ የሚታየው የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው። በሲያትል በአንድ ቀን ውስጥ በከፍተኛው ሙላትና በዝቅተኛው ጉድለት መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በአማካይ 3.5 ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ማለት ጠዋት ከደረጃው ሥር ያገኙት ውሃ ከሰዓት በኋላ በሚያዳልጥ ድንጋይና ጠጠር ላይ ረጅም መንገድ ከተጓዙ በኋላ ብቻ የሚገኝ ሊሆን ይችላል። የሰዓት ሰንጠረዡን ኖኣ የተባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት በነጻ ያወጣዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወርድ ሰው ከፍተኛው ሙላት ከመድረሱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቀድሞ ውሃ ውስጥ እንዲገባ እመክራለሁ። ያን ጊዜ የሚሸከመው መንገድ አጭር፣ የሚገፋውም ውሃ ደካማ ይሆናል። ኮቭ ቱ ፒዩጄት ሳውንድ በሚባለው በዚህ አካባቢ የባሕር ክንድ ካሉ ሌሎች ቦታዎች ጋር ሲነጻጸር የውሃ ፍሰቱ ቀላል ነው፤ ይህን ልማድ ወደ ሌላ ቦታ ይዘው ቢሄዱ ግን ያሳስትዎታል። የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ የውሃውን ከፍታ እንጂ የፍሰቱን ፍጥነት አይናገርምና፣ በጠባብ መተላለፊያዎች አካባቢ የሚወርድ ሰው የፍሰቱን ሰንጠረዥ ለብቻው ማየት ይኖርበታል።

ልብስና እርሳስ

በዚህ ቦታ የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳውም። ቀጭን፣ ባለ 3 ሚሊሜትር ጓንት አድርጌ ነበር። ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ ከሰደርያዬ (አየር እየተሞላ ከሚያንሳፍፈው ጃኬት) አየር የሚያስወጣውን ቁልፍ በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ መሆኔን የማውቀው በዓይኔ ሳየው ብቻ ነበር፤ ጣቴ ምንም አይሰማውም። ዳርቻ ላይ ስንወጣ የደረት ማሰሪያዬን ዘለበት የፈታልኝ ጓደኛዬ ነው። ያን ዕለት ምንም አልደረሰብኝም፤ ነገር ግን የእርሳስ ቀበቶዬን (ለመስመጥ የሚታጠቀውን የብረት ክብደት) በአስቸኳይ መጣል ቢያስፈልገኝ ኖሮ በእነዚያ ጣቶች እችል ነበር ብዬ መናገር አልደፍርም።

ስለዚህ ቢያንስ ባለ 5 ሚሊሜትር ጓንት፣ ወፍራም የራስ መሸፈኛ፣ እንዲሁም ባለ 7 ሚሊሜትር ዌትሱት (ውሃ የሚያስገባ የጎማ ልብስ) ወይም ድራይሱት (ውሃ የማያስገባ ልብስ) ያስፈልጋል። ዌትሱት ሙቀት የሚጠብቀው በጎማው ውስጥ ባሉ ጥቃቅን የአየር ኪሶች ነው። እነዚህ ኪሶች በግፊት ስለሚጨመቁ፣ ውሃው ይበልጥ በሚቀዘቅዝበት ጥልቀት ላይ ልብሱም ይሳሳል። ድራይሱት ይህ ችግር የለበትም። ሆኖም በውስጡ የሚዘዋወረው አየር ወደ እግር ከሄደ ጠላቂውን ገልብጦ ወደ ላይ ሊያስፈነጥረው ስለሚችል፣ አስተማሪ ሳያሠለጥንዎ ተከራይተው እንዳይወርዱበት አደራ እላለሁ።

ወፍራም ልብስ ስለሚያንሳፍፍ በቀይ ባሕር የለመዱት እርሳስ እዚህ አይበቃም። መጠኑን የሚወስነው ሙከራ ነው። በወገብ ውሃ አካባቢ ሙሉ ትጥቅዎን ለብሰው፣ ከሰደርያዎ አየሩን በሙሉ አስወጥተውና መደበኛ ትንፋሽ ይዘው እግርዎን ያንሡ፤ ውሃው ዓይንዎ ላይ ሲደርስ ቢቆሙ ልክ ነው። ነገር ግን በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር ራሱ 2.6 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ ልክ የነበረ ሰው በመጨረሻ ላይ፣ ከመውጣቱ በፊት ለደኅንነት በ5 ሜትር ቆሞ መጠበቅ በሚገባው ሰዓት፣ ቡሽ ሆኖ ይንሳፈፋል። ስለዚህ በሙሉ ሲሊንደር ከሞከሩ ሁለት ኪሎ ገደማ ይጨምሩ። በመዋኛ ገንዳ የሞከሩትን ወደዚህ ካመጡ ደግሞ ጨዋማው ውሃ ከነትጥቅዎ ካለዎት ክብደት 2.5 በመቶ ያህል ተጨማሪ ይጠይቃል።

የሲሊንደሩን አየር ስለምንተነፍስበት መሣሪያ፣ ስለ ሬጉሌተሩ፣ አንድ ነገር ልበል። በአውሮፓ መለኪያ መሠረት «ቀዝቃዛ ውሃ» የሚባለው ከ10 ዲግሪ በታች ያለው ነው፤ ኤሊዮት ቤይም በጃንዋሪ ከዚህ በታች ነው። ከሲሊንደሩ የሚወጣው አየር ሲስፋፋ ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ መሣሪያው ውስጥ በረዶ ሊሠራና አየሩ ሳይቋረጥ ሊፈስ ይችላል። ሲከራዩ ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ መሆኑን ይጠይቁ፤ ዳርቻ ላይ ቆመው ደጋግመው አይተንፍሱበት፤ ሰደርያዎንም ሆነ ድራይሱትዎን በአንድ ጊዜ ብዙ አየር አይሙሉ።

የአየሩ ሒሳብ

ብዙዎች «50 ባር ሲቀረኝ እወጣለሁ» ይላሉ፤ ባር በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር የግፊት መለኪያ ነው። በዚህ ቦታ ይህ አይበቃም የምልበትን ምክንያት በቁጥር ላሳይ። እዚህ አብዛኛው ሰው የሚከራየው የአሉሚኒየም ሲሊንደር 11.1 ሊትር ሲሆን በ207 ባር፣ ማለትም በአሜሪካው የግፊት መለኪያ በ3000 ፒኤስአይ ይሞላል። አሁን በ18 ሜትር ላይ የጓደኛዎ አየር ተቋረጠ እንበል። ሁለታችሁም ደንግጣችሁ ከእርስዎ ሲሊንደር ትተነፍሳላችሁ፤ እያንዳንዳችሁ በውሃው ገጽ ላይ ባለው ግፊት ሲለካ በደቂቃ 30 ሊትር፣ በድምሩ 60 ሊትር።

በ18 ሜትር ግፊቱ 2.8 ባር ስለሆነ የሚፈጀው አየርም 2.8 እጥፍ ይሆናል። ተረጋግቶ ለመነሣት ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ 60 በ2.8 በ2፣ ማለትም 336 ሊትር ይሄዳል። በደቂቃ 9 ሜትር እየወጡ ሁለት ደቂቃ፣ በአማካይ 1.9 ባር፣ 228 ሊትር። በ5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ መቆም በ1.5 ባር 270 ሊትር። ድምሩ 834 ሊትር ሲሆን ለ11.1 ሲካፈል 75 ባር፣ ማለትም 1090 ፒኤስአይ ገደማ ይሆናል። እኔ ከፍ አድርጌ ወደ 1200 ፒኤስአይ አጠጋጋዋለሁ። ይህ አየር የሁለታችሁ ሕይወት ነውና ለጉብኝት አይነካም።

ከ3000 ላይ 1200 ሲቀነስ 1800 ይቀራል። ከዳርቻ የሚነሣ ሰው የሄደበትን መንገድ መመለስ ስላለበት ግማሹን፣ 900 ፒኤስአይ፣ ለመሄጃ፣ ግማሹን ለመመለሻ ያደርጋል። ስለዚህ ከሁለት አንዳችሁ ጌጅ ላይ 2100 ሲታይ፣ ፊት ለፊት ምንም ቢኖር፣ ትዞራላችሁ። ይህን ቁጥር በመጻፊያ እርሳስ በእጅ ሰሌዳዎ ላይ ይጻፉት። የሚበርደው ሰው አየር ከወትሮው አብዝቶ እንደሚስብም አይዘንጉ፤ በቀይ ባሕር አንድ ሰዓት የቆየልዎ ሲሊንደር እዚህ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቢቆይ አይገረሙ።

መንገዱና የውሃው ጎረቤቶች

ውሃው ዳር ቆመው ኮምፓስዎን ሊሄዱበት ወደፈለጉት አቅጣጫ ያነጣጥሩ፤ ለምሳሌ 30 ቢያነቡ መመለሻዎ 210 ነው። ወለሉ ራሱም መመለሻ ነው፤ መንገዱ ቢጠፋብዎ ዳገቱን ተከትለው ጥልቀቱ እየቀነሰ በሚሄድበት በኩል ቢዋኙ ዳርቻው ላይ ይደርሳሉ። በዚህ መንገድ ወለሉን ሳይለቁ መመለስ ሌላም ጥቅም አለው። በፓርኩ ከመሀል ከተማ የሚመላለሰው የኪንግ ካውንቲ ዋተር ታክሲ (የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባ) ማረፊያ ስላለ፣ ማረፊያው አጠገብ ወደ ላይ መውጣት ሕይወትን የሚያሳጣ ስሕተት ነው። የሞተሩ ድምፅ ውሃ ውስጥ ከሁሉም አቅጣጫ የሚመጣ ስለሚመስል ጀልባው በየት በኩል እንዳለ በጆሮ አይታወቅም። ከማረፊያውና ከዓሣ ማጥመጃው መትከያ ይራቁ። መትከያው አካባቢ የተጣለ የማይታይ የመረብ ክር እግር ሊይዝ ስለሚችልም በአንድ እጅ የሚደርሱበት መቁረጫ ይያዙ።

ከወለሉ ላይ ብረትና እንጨት የተከመረበት ቦታ ሲያገኙ መብራትዎን ዝቅ አድርገው ሥሩን ይመልከቱ። በጉድጓድ አፍ ላይ የተበላ ሸርጣን ቅርፊትና ባዶ የቀንድ አውጣ ቤት ተከምሮ ካዩ ውስጥ ትልቁ የፓስፊክ ኦክቶፐስ ሊኖር ይችላል። መጀመሪያ የሚታየው የሳንቲም ያህል ስፋት ያላቸው ነጫጭ መጥመጫዎቹ፣ ቀጥሎም የሚተነፍስበት ቀዳዳ በዝግታ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው። በ2012 አንድ ወጣት ከዚህ ቦታ አንዱን አውጥቶ ወሰደ፤ በጊዜው በሕግ የተፈቀደ ቢሆንም የከተማው ሰው ክፉኛ አዘነ። በ2013 የዋሽንግተን ግዛት የዓሣና የዱር እንስሳት ኮሚሽን ኮቭ ቱን ጨምሮ በሰባት ቦታዎች ኦክቶፐስ መያዝን ከለከለ። እንስሳውን አይንኩት፤ መብራቱንም ዓይኑ ላይ አያቁሙት። እንቁላል የምትጠብቅ እናት ምግብ ሳትበላ ወራት ስለምታሳልፍ የጉድጓዷን አፍ ድንጋይ ማንሣት ትውልዱን ማጥፋት ነው።

ከመግባት በፊትና ከወጡ በኋላ

ዳርቻ ላይ ለሚቀር ሰው የምትመለሱበትን ሰዓት ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሩት፤ ከዚያ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቢያልፍ 911 እንዲደውል። በመጥለቅ ምክንያት ለሚመጣ ሕመም ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው የጠላቂዎች እርዳታ ድርጅት በ919-684-9111 ቀንና ሌሊት ይመልሳል፤ በሲያትል ቨርጂኒያ ሜሰን ሆስፒታልም የከፍተኛ ግፊት ሕክምና ክፍል አለ። ከወጡ በኋላ መገጣጠሚያ ቢያምዎ፣ እግርዎ ቢደነዝዝ ወይም ያልለመዱት ድካም ቢሰማዎ «ብርዱ ነው» ብለው አይለፉት። ብርዱና ይህ ሕመም ይመሳሰላሉና፣ ሞቀው ደረቅ ልብስ ከለበሱ በኋላ ምልክቱ ካልጠፋ ይደውሉ።

ከሁለታችሁ አንዱ በጣም ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ምልክት ሲሰጡት ቶሎ ካልመለሰ፣ አየሩ ቢተርፍም ዳይቩ ያን ጊዜ ያበቃል። ከውሃ እንደወጡ ሲሊንደሩን ተሸክመው ደረጃውን አይሩጡ፤ ወዲያው በጣም በሞቀ ውሃ አይታጠቡ። በፍላስክ የያዙትን ሻይ እየጠጡ ቀስ ብለው ይሙቁ።

ከመጥለቅ በኋላ ወደ ከፍታ መውጣት ከላይ ያነሣሁትን ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል፣ በረራ ያለው ሰው ከአንድ ዳይቭ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከአንድ በላይ ከሆነ ወይም በተከታታይ ቀናት ከወረደ 18 ሰዓት ይጠብቅ። ወደ ምሥራቅ ዋሽንግተን በመኪና የሚሄድም ከዚህ ነጻ አይደለም። የጥንቃቄው ገደብ ከ610 ሜትር ከፍታ ይጀምራል፤ በአይ-90 መንገድ ላይ ያለው ስኖኳልሚ መተላለፊያ ደግሞ 921 ሜትር ነው። ጠዋት ኮቭ ቱ ወርዶ ከሰዓት በኋላ ወደ ያኪማ ዘመድ ጥየቃ መንዳት እንደ በረራ መቆጠር አለበትና፣ ዘመዶችዎን አስቀድመው ይጠይቋቸው፣ ወይም ዳይቩን ወደ እሑድ ያዛውሩት።

ማታ ትጥቁን በንጹሕ ውሃ ካጠቡ በኋላ የውሃውን ሙቀት፣ የያዙትን እርሳስ፣ የለበሱትን ልብስና ከስንት ደቂቃ በኋላ መብረድ እንደጀመርዎ በማስታወሻ ደብተርዎ ይጻፉ። የሚቀጥለውን ዕቅድ የሚጀምሩት ከዚያ ገጽ ነው።