«ድረ-ገጹ አይሰራም» ሲሉ፦ ከቅሬታ ወደ መንስኤ፣ ከመንስኤ ወደ መፍትሄ

ተጠቃሚ ችግሩን በባለሙያ ቋንቋ አይነግርም። «አይሰራም»፣ «ይንቀረፈፋል»፣ «እምቢ አለኝ» ይላል፤ አብዛኛው ደግሞ ይህንንም ሳይል ገጹን ዘግቶ ይሄዳል። በሌላ ወገን ዲዛይን የሚማር ሰው ኮንትራስት፣ ፊድባክ፣ ሲግኒፋየር፣ ቫሊዴሽን የሚባሉትን ከነትርጉማቸው ያጠናል፤ ደንበኛው ደውሎ «አይሰራም» ሲለው ግን የትኛው ቃል የትኛውን ቅሬታ እንደሚፈታ ይጠፋዋል። እነዚህ ቃላት የሚጠቅሙት የችግር ስም ሆነው ሲያገለግሉ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ እዚህ የምንነሳው ከቅሬታው ነው። ምሳሌዎቹን ከአማርኛ ድረ-ገጾች ወስጃለሁ፤ ለላቲን ፊደል የተዘጋጀ ቴምፕሌት (አስቀድሞ የተሠራ የገጽ ንድፍ) አማርኛ ሲገባበት የሚበላሸው በየጊዜው እነዚያው ቦታዎች ላይ ነውና።

«ፊደሉ አይታየኝም»

መጀመሪያ ስክሪንሹት ይላኩላችሁ። በአማርኛው ፋንታ የሚታየው ነገር መንስኤውን ራሱ ይናገራል።

ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ጽሑፉ ደህና ነው፤ የጎደለው ፎንት ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ለየአንዳንዳቸው የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 ስሪት ሲሆን፣ ዛሬ ዊንዶውስ ኤብሪማን፣ አንድሮይድ ደግሞ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ይዘው ይመጣሉ። ያም ሆኖ አሮጌ ስልክና አሮጌ ኮምፒውተር የያዘ ሰው ብዙ ነው። መፍትሄው ፎንቱን ከገጹ ጋር አብሮ መላክ ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነፃ ይገኛሉ።

የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ከታየ ነገሩ የከፋ ነው። ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ዳታቤዝ (የገጹ መረጃ ማከማቻ) ውስጥ ሲገባ ጠፍቷል፤ ከጠፋ ያ የጥያቄ ምልክት ወደ ፊደል አይመለስም። ዳታቤዙን፣ በውስጡ ያለውን ሰንጠረዥና ገጹ ከዳታቤዙ ጋር ያለውን ግንኙነት ሦስቱንም ወደ ዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ፊደላት በባይት የሚጻፉበት መንገድ) ቀይሮ ጽሑፉን እንደ አዲስ ማስገባት ነው ያለው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተቀይረው ግንኙነቱ ይረሳል፤ ችግሩም በማግስቱ ይመለሳል።

ጭረትና ነጥብ የተለጠፈባቸው የላቲን ፊደላት ከታዩ ደግሞ ጽሑፉ አልጠፋም፤ ብራውዘሩ በተሳሳተ ኢንኮዲንግ (ባይትን ወደ ፊደል በሚመልስ ደንብ) እያነበበው ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ «ሰላም» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል ወደ ዘጠኝ የሚጠጉ ባዕድ ምልክቶች ይሆናል። ይህን ካያችሁ የገጹ ኮድ ራስጌ ላይ የኢንኮዲንጉን መስመር ፈትሹ፤ ጥገናው የአንድ መስመር ሥራ ነው።

አራተኛም አለ። ከድሮ የዎርድ ፋይል ኮፒ የተደረገ ጽሑፍ ገጹ ላይ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይወጣል፣ ቀሪው ገጽ ግን ደህና ነው። ይህ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነው። እነዚያ ፎንቶች የላቲን ፊደሎችን ቦታ ወስደው በላያቸው የግዕዝ ቅርጽ የሚስሉ ነበሩ። ፎንት መቀየር አይፈታውም፤ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም ውስጥ አሳልፉት፣ ከዚያ በዓይን አንብባችሁ አርሙት።

«ማንበብ ያደክመኛል»

እዚህ ፊደሉ ይታያል፣ ግን ይጨልማል ወይም ይደበዝዛል። አንዱ መንስኤ የውሸት ቦልድ ነው። የመረጣችሁት ፎንት አንድ ውፍረት ብቻ ካለው፣ ብራውዘሩ ርዕሱን ለማወፈር ቅርጹን በራሱ ያደልበዋል። በላቲን ፊደል ብዙም አይታወቅም፤ «ጭ»ና «ጨ» ላይ ግን ውስጣቸው ያለው ክፍተት ይደፈንና ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ውፍረቶቹ ለየብቻ የተሳሉለትን ፎንት ተጠቀሙ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ ጥቁር ወፍራም ዘጠኝ ደረጃ አለው። ኢታሊክንም ተዉት፤ የብራውዘሩ የውሸት ኢታሊክ ፊደላችንን ከማጋደል ሌላ ምንም አይጨምርለትም። በእንግሊዝኛው ቴምፕሌት ርዕስ ከአካል የሚለየው በትልልቅ ፊደል ከሆነ፣ እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን ያ ልዩነት ይጠፋል። በመጠን ወይም በውፍረት ተኩት።

ሁለተኛው የመስመር ክፍተት ነው። ብራውዘር በራሱ የሚሰጠው ለአማርኛ ይጠባል። ከፎንቱ መጠን 1.5 እጥፍ ጀምሩ፣ ረጅም ጽሑፍ ከሆነ ወደ 1.7 ውሰዱት።

ሦስተኛው ኮንትራስት ነው፣ በጽሑፉና በጀርባው መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት። ዓለም አቀፉ የድረ-ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይጠይቃል። ብዙ ቴምፕሌት ላይ የሚገኘው የቀለም ኮዱ 999999 የሆነው ግራጫ በነጭ ላይ 2.8 ብቻ ነው፤ 767676 ግን 4.5ን ያልፋል። ለዓይን ትንሽ የሚመስለው ይህ ልዩነት ቀትር ላይ ታክሲ ሰልፍ ቆሞ ስልኩን ለሚያነብ ሰው ማንበብና አለማንበብ ነው። በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ የሚያጌጡ ገጾቻችን ላይም ቢጫ ጽሑፍ በነጭ ላይ አይነበብም፤ ቢጫውን ለጀርባ ተጠቀሙበት፣ ጽሑፉ ጥቁር ይሁን።

«ፎርሙ እምቢ አለኝ»

ከሁሉ በላይ ሰው የምናጣው እዚህ ነው። ገጹን ያነበበ፣ የወሰነ፣ መረጃውን ሊሰጥ የተዘጋጀ ሰው በራችን ላይ ይመለሳል። መንስኤው ባጠቃላይ ቫሊዴሽን ይባላል፣ ማለትም ሲስተሙ የተሞላውን መርምሮ የሚቀበልበት ወይም የሚጥልበት ደንብ። ደንቡን የጻፈው ሰው ማንን አስቦ እንደጻፈው ፈትሹ።

ስልክ ቁጥር። አንዱን ቁጥር ሰው በ09 ይጀምረዋል፣ ሌላው በ9፣ ሌላው በ251፣ ሌላው የመደመር ምልክት ጨምሮ፣ በየመሃሉ ክፍተት እያስገባ። አራቱም ትክክል ናቸው። ክፍተቱን አውጥቶ ሁሉንም ወደ አንድ መልክ መቀየር የኮዱ ሥራ ነው፤ ለተጠቃሚው አትተዉት። በ09 የማይጀምር ቁጥር የሚጥል ፎርም ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ አርሙት፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር የያዘ ሰው ሁሉ ከደጅ እየቀረ ነው።

ስም። «ቢያንስ ሦስት ፊደል» የሚለው ደንብ በላቲን ጉዳት የሌለው ይመስላል። ሊያ፣ ሳራ፣ ቤዛ በአማርኛ ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው። ፎርሙ «ስምዎ ትክክል አይደለም» ብሎ በቀይ ይጽፍባቸዋል፤ ለሰው ከዚህ የከፋ ሰላምታ አላውቅም። ደንቡን አንሱት። ሳጥኖቹን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብላችሁ ሰይሟቸው። ውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖች የሚሠራ ገጽ ከሆነ «በፓስፖርት ላይ እንዳለው» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ፤ በቤተሰቡ ውስጥ የሁሉም የመጨረሻ ስም አንድ ይሆናል ብላችሁ ግን አትገምቱ።

ቀን። «የትውልድ ዘመን» ብቻ ብሎ የሚጠይቅ ሳጥን ስህተት ይሰበስባል። መጋቢት 10 ቀን 1985 ዓ.ም የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ማርች 19 ቀን 1993 ነው የተወለደው። ሳጥኑ የፈረንጆቹን እየጠበቀ እሱ 1985 ብሎ ቢሞላ በስምንት ዓመት ያረጃል፤ ሲስተሙም ምንም ስህተት አያይም፣ ሁለቱም ልክ የሆነ ቁጥር ነውና። ብራውዘሩ ይዞት የሚመጣው የቀን መምረጫ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ብቻ ነው። ሁለት ምርጫ ስጡ፤ ከተሞላ በኋላ ከስሩ የሌላውን ዘመን አቆጣጠር አሳዩት፣ ሰውየው በዓይኑ ያረጋግጥ። የራሳችሁን ወር ዝርዝር ከሠራችሁ ጳጉሜን አትርሱ። ለቀጠሮ ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ «3 ሰዓት» ብቻ አይበቃም፣ «ጠዋት 3 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ፤ የውጭ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ 9:00ም አጠገቡ ይቀመጥ።

ፓስወርድ። «ፓስወርዴ ልክ ነው፣ ግን አይቀበለኝም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ቀርቷል፤ የሚጻፈው በነጥብ ስለተሸፈነ አያየውም። የጻፈውን የሚያሳይ የዓይን ምልክት ጨምሩ።

የማረጋገጫ ኮድ። በላቲን ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ይይዛል፤ አማርኛ ከገባበት 70 ብቻ። ረጅም ሰላምታ አስቀድሞ ኮዱን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ መልእክት ለሁለት ይከፈላል፣ ሁለተኛው ክፍል ይዘገያል፤ ሰውም «ኮድ አልመጣም» ይላል። ኮዱን ፊት አስቀምጡት።

የስህተት መልእክቱስ? «የተሳሳተ መረጃ» ማለት ምንም አለማለት ነው። የትኛው ሳጥን፣ ለምን፣ እንዴት ይስተካከል፤ ሦስቱን ተናገሩ፣ ከሳጥኑ ስር። በቀይ ቀለም ብቻ አትመኑ፤ ቀይና አረንጓዴን የማይለይ ሰው አለ። የተሞላውንም አታጥፉበት። የሳጥኑን መጠሪያ ሳጥኑ ውስጥ በግራጫ መጻፍ፣ ፕሌስሆልደር የሚባለው፣ መተየብ ሲጀመር ይጠፋል፤ መጠሪያው ከላይ ይቀመጥ።

«ፈልጌ አጣሁት»

ዕቃው ገጹ ላይ አለ፤ መፈለጊያው «ምንም አልተገኘም» ይላል። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ጸሀይ»፤ ሌሎቹን ጨምሮ ይህ አንድ ቃል ቢያንስ ስድስት አጻጻፍ አለው። ለኮምፒውተር ስድስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። መፍትሄው ኖርማላይዜሽን ይባላል፦ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነቤተሰቦቻቸው መልሳችሁ የምታወዳድሩበት ስውር ቅጂ ማዘጋጀት። የሚታየው ጽሑፍ እንደተጻፈ ይቆይ፤ የሰው ስም በተለይ አይነካ።

ሌላው የሚደበቅ ነው። «መድኃኒት» ብሎ የፈለገ ሰው «መድኃኒቶች» የሚለውን ርዕስ አያገኝም፤ ሲበዛ የመጨረሻው ት ወደ ቶ ይቀየራልና፣ ቃሉ በሌላው ውስጥ እንዳለ ሆኖ አይገኝም። ፊደሉን ወደ ሳድሱ መልሶ ማወዳደር፣ በፊት የሚገቡትን የ፣ በ፣ ለ፣ ከ ደግሞ አስወግዶ መሞከር አብዛኛውን ያቃልላል።

መፈለጊያው ደህና ሆኖ ሰው በሜኑ ከጠፋበት ጉዳዩ ኢንፎርሜሽን አርክቴክቸር ነው፣ የይዘቱ አከፋፈል። ብዙ ገጾቻችን የመሥሪያ ቤቱን መዋቅር ሜኑ አድርገው ይሰቅላሉ፤ ተጠቃሚው ግን የትኛው ዳይሬክቶሬት እንደሚሠራው አያውቅም፣ «ፈቃድ ማደስ» ነው የሚፈልገው። ርዕሶቹን በካርድ ጽፋችሁ ከውጭ ላሉ ሰዎች ስጧቸው፣ እነሱ ይመድቧቸው።

«ተጫንኩት፣ ምንም አልሆነም»

ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ የተጫነው ቁልፍ አልነበረም፤ ያጌጠ ሳጥን ነበር። ይህ የሲግኒፋየር ችግር ነው፣ የሚጫነውን ከማይጫነው የሚለይ ምልክት አለመኖር። ወይም ቁልፉ ለጣት ጠቧል፤ አፕል 44፣ አንድሮይድ 48 ነጥብ ስፋት ይመክራሉ።

ሁለተኛው የፊድባክ እጦት ነው፤ ሥራው ተጀምሯል፣ ገጹ ግን ዝም ብሏል። የድረ-ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ያሰፈራቸው ገደቦች አሁንም ይሠራሉ፦ እስከ 0.1 ሰከንድ ወዲያው የሆነ ይመስላል፣ ከ1 ሰከንድ በላይ ሐሳብ ይቋረጣል፣ ከ10 ሰከንድ በላይ ሰው ሌላ ነገር ይጀምራል። ክፍያ ላይ ዝምታ ገንዘብ ያስከፍላል፤ ሰው ደግሞ ይጫናል፣ ሁለቴ ይቆረጥበታል። ቁልፉ እንደተነካ ይቆለፍ፣ «እየተላከ ነው» ይበል፤ ሰርቨሩም አንድን የትእዛዝ ቁጥር ሁለቴ እንዳይቀበል ይደረግ። ኔትወርክ ተቋርጦ ሲመለስ የሚያድነው ይህ የሰርቨሩ ጥበቃ ነው።

ቁልፉ ላይ ያለውንም ጽሑፍ ተመልከቱ፤ «ግባ» ብሎ ሴቶችን በወንድ አንቀጽ ከማዘዝ «ይግቡ» ወይም «መግቢያ» ይሻላል።

«ይዘገያል፣ ይዘላል»

ሊነካ ሲል ገጹ ወርዶ ሌላ ነገር ካስነካው ሌይአውት ሺፍት ነው። ፎቶው ስፋትና ቁመቱ ሳይነገር ስለገባ ቦታ አልተያዘለትም፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጻፉ። መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከስልክ ካሜራ በቀጥታ የተጫነ የበርካታ ሜጋባይት ፎቶ ነው፤ ወደሚታይበት መጠን አሳንሳችሁ ዌብፒ በሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ፎርማት አስቀምጡት። የጉግል መለኪያ ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይጠይቃል፤ ፓኬጁን በሜጋባይት ለሚገዛ ሰው ግን ክብደቱ ከፍጥነቱ እኩል ያሳስባል። ስልክ ላይ ጽሑፉ ደቃቅ ሆኖ በጣት ካልተለጠጠ የማይነበብ ከሆነ ገጹ በስልኩ ስፋት ልክ እንዲታይ የሚያዘው የቪውፖርት መስመር ከኮዱ ራስጌ ቀርቷል።

መንስኤው ካልተገኘ

ሰው አስቀምጣችሁ ተመልከቱ፤ ዩዘቢሊቲ ቴስት ይህ ነው። አምስት ሰው አብዛኛውን ችግር ያወጣል። «ወደድከው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ በይሉኝታ «በጣም ጥሩ ነው» ይሏችኋል፣ ትልልቆቹ ደግሞ ይመርቋችኋል። «ለነገ ጠዋት ቀጠሮ ይያዙ» ብላችሁ ሥራ ስጧቸው፣ ገጹን የሠራው ሌላ ሰው ነው በሏቸው፣ ከዚያ ዝም በሉ። ጣታቸው የሚቆምበትን ቦታ ጻፉ። የሚጠቀሙት በራሳቸው ስልክና በራሳቸው ዳታ ይሁን፤ በቢሮ ዋይፋይ የታየ ገጽ ስለ ፍጥነቱ ምንም አይነግራችሁም። ካረማችሁ በኋላ ለሁለተኛው ዙር አዲስ ሰዎች ጋብዙ፤ የመጀመሪያዎቹ መንገዱን ለምደውታል፣ ያልተስተካከለውንም ሳይቸገሩ ያልፉታል።