በሐዋሳ የዩኒቨርሲቲ ግቢ የእንቁራሪትና የእባብ ክበብ እንዴት ይቋቋማል?

ሐዋሳ ላይ ዝናብ ጥሎ ካባራ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ወደ ሐይቁ ዳር ብቅ ያለ ሰው ያውቀዋል። የእንቁራሪቱ ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። ያንን ድምፅ የሚያዳምጥና የሚመዘግብ ክበብ ለማቋቋም ብዙ ብር አይጠይቅም።

መጀመሪያ ሰው ፈልጉ። አስር ተማሪ ይበቃል። ከባዮሎጂ ልጆች ሌላ ፎቶ የሚወድም ጨምሩ። ሲዳምኛ የሚችል ካለማ ወርቅ ነው፤ አርጃኖ፣ ያ ትልቁ የውሃ ዳር እንሽላሊት፣ የት የት እንደሚወጣ ከአካባቢው ዓሣ አጥማጅ በላይ የሚያውቅ የለም። አንድ መምህር አማካሪ እንዲሆናችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ ደንብ አውጡ። የእኔ ምክር አንድ ነው፦ እንስሳ አትያዙ። የዱር እንስሳ ለመያዝ በሕግ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዶርም ውስጥ በካርቶን የተቀመጠ ኤሊ ደግሞ ምንም አያስተምርም። ስልክና ደብተር ይበቃል።

ከዚያ የምሽት ጉዞ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ፣ የግንባር ባትሪ አስራችሁ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውጡ። ለጀማሪ እስስት ፈልጉለት። ማታ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ጅራቷን ጠቅልላ ትተኛለች። ቀለሟ ስለሚገረጣ ባትሪው ሲያርፍባት ከቅጠሉ መሃል ነጣ ብላ ትታያለች። ቀን አስር ጊዜ ያለፋችሁበት ቁጥቋጦ ላይ ነበረች እኮ! መርዝ የላትም፤ ይህን ለሚፈሯት ሁሉ ንገሩ።

እንቁራሪትን ግን በጆሮ ነው የምትፈልጉት። የሚጮኸው ወንዱ ነው፣ ሴቷን ሲጠራ። የየዝርያው ጥሪ ስለሚለያይ በስልክ ቅዱት።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። እንቁራሪት ውሃ የምትወስደው በቆዳዋ ነው፤ አየርም በከፊል በዚያው ትስባለች። ስለዚህ የወባ ትንኝ መከላከያ በተቀባ እጅ አትንኳት። በዓለም ላይ ብዙ ዝርያ የጨረሰው የቆዳ ፈንገስ በአገራችንም ተገኝቷል። በእርጥብ ጭቃ ስለሚተላለፍ፣ ከሐዋሳ ወደ ባሌ ተራሮች ከመሄዳችሁ በፊት ቦት ጫማችሁን እጠቡ፣ በረኪና በተቀላቀለበት ውሃ ንከሩ፣ አድርቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሚታወቁት ከ70 በላይ የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች ከሲሶ በላዩ ሌላ የትም የለም። እነዚህን ካጣን ከየት እናመጣቸዋለን?

ለራሳችሁም ተጠንቀቁ። ጉማሬ ማታ ሣር ሊግጥ ከውሃ ይወጣል፤ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ሸምበቆ ውስጥ አትግቡ። እባብ ካያችሁ ከሩቁ ፎቶ አንሱ። ሰው ከተነከሰ አትምጠጡ፣ አትብጡ፣ በገመድ አትሰሩ። የተነከሰውን አካል ሳታንቀሳቅሱ ባጃጅም ሆነ መኪና ያገኛችሁትን ይዛችሁ ቀጥታ ሆስፒታል።

ስትመለሱ፣ እንቅልፍ ሳይጥላችሁ ደብተሩን ሙሉ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ዝናብ ነበር ወይስ አልነበረም፣ ስንት ታየ። ምንም ካላያችሁም «ምንም አላየንም» ብላችሁ ጻፉ።