ስለ ጎንደር ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥምቀት በደረሰ ቁጥር ቤታችን በእንግዳ ይሞላል። ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ አንዳንዴም ከውጭ የሚመጣውን ዘመድ ከነገሥታቱ ግቢ ወደ ሥላሴ፣ ከሥላሴ ወደ ቁስቋም ይዤ የምዞረው እኔ ነኝ። በዚህ መሀል ደጋግመው የሚሰሙ ስህተቶች አሉ። እንግዳ ብቻ ቢላቸው ባልከፋኝ፤ እዚሁ ፒያሳ ያደግን ልጆችም እንላቸዋለን።

«ግንቡን የሠሩት ፖርቹጋሎች ናቸው»

ከሁሉም የሚቆጨኝ ይኼ ነው። እስቲ ዘመኑን እንየው። ዓፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው አገር በእርስ በርስ ጦርነት ከታመሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የሚባለው ለዚህ ነው። ዓፄ ፋሲልም ብዙ ሳይቆዩ ኢየሱሳውያኑን፣ ማለትም በፖርቹጋል በኩል የመጡትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ ካገር አስወጡ። ጎንደር የተቆረቆረችው ከዚያ ወዲህ፣ በ1636 ነው። ንጉሡ ያባረሯቸውን ሰዎች መልሰው ግንብ አሠሯቸው ማለት እንዴት ይሆናል?

ታዲያ ማን ሠራው? የየመኑ መልእክተኛ ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚ በ1648 ጎንደር መጥቶ ቤተ መንግሥቱን በዓይኑ አይቷል፤ የሠራው ባለሙያ ሕንዳዊ እንደሆነም ጽፏል። ድንጋይን በኖራ የመገንባቱ ጥበብ በሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያኑና አብረዋቸው ከመጡ ግንበኞች ጋር መስፋፋቱ እውነት ነው፤ እሱን መካድ አያስፈልግም። ግን ጥበብ መማር አንድ ነገር ነው፣ ግንቡን አስቦ ማቆም ሌላ። ድንጋዩን የጠረቡት፣ እንጨቱን ያለዘቡት፣ ብረቱን የቀጠቀጡት የአገሩ ሰዎች ናቸው። ከእነሱም መሀል የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች ትልቅ ድርሻ አላቸው። ስማቸው የትም ግድግዳ ላይ አልተጻፈም፤ ቢያንስ እኛ ስናወራ እንጥራቸው። እንፍራዝ አጠገብ ከጣና ወዲህ ያለው ጉዛራ ደግሞ የዓፄ ሠርጸ ድንግል ነው ይባላል፤ እንደዚያ ከሆነ ከጎንደር በፊት ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ይቀድማል።

ዘመን ማደባለቅ

አንዱ «ጎንደር በ1628 ተቆረቆረች» ይላል፣ ሌላው «በ1636»፤ ሁለቱ ቆመው ይከራከራሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ሌላው በአውሮፓውያን። ዓመት ስትጠሩ የማን እንደሆነ ጨምሩ፣ አለቀ። እኔ እዚህ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሁሉንም «የፋሲል ግንብ» ማለት

የፋሲል የሚባለው በአራቱ ማዕዘን ክብ ማማ ያለው ትልቁ ግንብ ነው፤ ጉልላቶቹ እንቁላል ስለሚመስሉ «እንቁላል ግንብ» ይሉታል። ግቢው ግን ዘጠኝ መቶ ሜትር በሚሆን ቅጥር የተከበበ፣ አሥራ ሁለት በር ያለው፣ ከመቶ ዓመት በላይ እየተጨመረበት የሄደ ነው። ልጃቸው ቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍትና የጽሕፈት ቤት ጨመሩ። የልጅ ልጃቸው ታላቁ ኢያሱ ጣሪያው እንደ ኮርቻ የጎበጠውን ግንብ አሠሩ፤ ውስጡ በዝሆን ጥርስና በመስታወት ያጌጠ ነበር ይባላል። ዛሬ ጣሪያው የለም፤ የ1704ቱ የመሬት መንቀጥቀጥም፣ የ1941ዱ የእንግሊዝ ቦምብም ደርሶበታል። ከዚያ ዳዊት፣ ከዚያ በካፋ፣ ከዚያ እቴጌ ምንትዋብ መጡ። አንድ ግንብ ብቻ ፎቶ አንስቶ የሚወጣ ሰው አምስት ዘመን አልፎ ነው የሚሄደው። በተለይ የምንትዋብን ስም የሚጠራ ስለሚያንስ፣ እንግዶቼን ደክሟቸውም ቢሆን እሳቸው ያሠሩት ቁስቋም ሳላደርስ አልመልስም።

የሥላሴን ሥዕል ግድግዳ ላይ የተሣለ መስሎ ማየት

ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው መጀመሪያ ቀና ብሎ የኮርኒሱን መላእክት ነው የሚያየው። ደግ ነው፤ ዓይናቸው ሁሉም ወደ እናንተ ነው። ግን አንገት ሲደክም ወደ ጎን ተመልከቱ። አንድ ጊዜ እዚያ የሚያገለግሉ አባት መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ሳለ፣ «አባቴ፣ ይኼ ግድግዳ ስንት ዘመን ቻለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጠጋ በል ልጄ፣ እጅህን ግን ወደ ኋላ አድርግ» አሉኝ። ጠጋ ስል፣ አንዱ ጥግ ላይ ጠርዙ ትንሽ ተነሥቷል። የጥጥ ክር ይታያል፤ ድርና ማጉ፣ ከሥሩ ጭድ የተቀላቀለበት ምርጊት። ሥዕሉ ያለው ጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እጃችሁን ስታሳርፉ ቀለሙን ብቻ አይደለም የምትጎዱት፣ ጨርቁንም ከምርጊቱ ታላቅቁታላችሁ። ፍላሽም አታብሩ።

ይህ የጨርቅ ነገር ሌላም መዘዝ አለው። ጨርቅ ይገፈፋል። በ1932 አንድ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን የጎንደሩን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው ገፍፎ፣ በምትካቸው ቅጂ አሥሎ ወሰዳቸው። ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው።

ስለ ሥላሴ አንድ ልጨምር። «ይኼን ሕንፃ ኢያሱ ናቸው ያሠሩት» ሲባል እሰማለሁ። ደብሩን የተከሉት እሳቸው ናቸው፤ የእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ግን ክብ ነበር፣ በመብረቅም ጠፍቷል። አሁን የምንገባበት ባለ አራት ማዕዘኑ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው።

«ሠዓሊዎቹ መሣል አይችሉም ነበር»

ይህን የሚሉ የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ ለዚያ ነው የሚያሳዝነኝ። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ከሐዲ በጎን፣ በአንድ ዓይን። አለመቻል ሳይሆን ቋንቋ ነው፤ ማንበብ ያልቻለም ሰው ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ይለያል።

ደግሞም ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። በአሥራ ሰባተኛው ምዕት ዓመት የተነሣው የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል ጥርት ያለ መስመር፣ ደማቅ ቀለም፣ ባዶ መደብ አለው። ሁለተኛው፣ በምንትዋብ ዘመን የደራው፣ ፊትና ልብስን በጥላ ያሳብጣል፤ መደቡም ከቢጫ ወደ ቀይ፣ ወደ አረንጓዴ ይዋሐዳል። ሥዕሉን ያሠራው ሰውም ራሱ ይገባበታል፤ ጣና ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ ብትሄዱ እቴጌይቱ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ታገኟቸዋላችሁ። ሁለቱን አንዴ ከለያችሁ የትም ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ዓይናችሁ ራሱ ይፈልጋል።

የፋሲልን መዋኛ «የንጉሡ ስዊሚንግ ፑል» ብሎ ማለፍ

ውኃው ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ ይገባል፤ ጥር 11 ቀን ተባርኮ ሕዝብ የሚጠመቅበት ነው። በቀረው ዓመት ደረቅ ሆኖ ስታዩት አትዘኑ። ይልቅ በቅጥሩ ላይ የወጡትን ሥሮች ተመልከቱ፤ ድንጋዩን አቅፈው ይዘውታል።

የተሰነጠቀን በሲሚንቶ መድፈን

ይህ ለእኛ ለነዋሪዎቹ ነው። አሮጌ የድንጋይ ቤት ያለው ጎረቤት ሁሉ ስንጥቅ ሲያይ ሲሚንቶ ይገዛል። ኖራ ልስልስ ነው፤ የጎንደር ክረምት ያስገባውን እርጥበት መልሶ ያስወጣል። ሲሚንቶ ደርቆ ያፍነዋል፤ ውኃው መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። ጣሊያን በያዘን ጊዜ ግንቦቹ በሲሚንቶ ተጠግነው ነበር፤ በኋላ ያንን አውጥቶ በኖራ መተካት ግድ ሆኗል። በበጋ ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ ፈልጉ።

ድንጋዩን አይቶ ቃሉን መርሳት

ጎንደር ግንብ ብቻ ይመስለናል። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ቅጥር ዙሪያ፣ የነገሥታቱ ታሪክ በግእዝ ይጻፍ ነበር፤ ሊቃውንቱም ቅዱሳት መጻሕፍትን በአማርኛ ይተረጉሙ ነበር። አንድምታ የሚባለው እሱ ነው። የግእዙ ንባብ ይነበባል፣ ከዚያ ትርጓሜው ይመጣል፤ «አንድም» ተብሎ ሌላ ፍቺ፣ እንደገና «አንድም» ተብሎ ሌላ። የቀደመው ፍቺ አይሻርም፣ አዲሱ ከጎኑ ይቀመጣል። «ሥነ ጽሑፋችን ግእዝ ብቻ ነበር» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የምጠቅስለት ይህንን ነው፦ አባቶቻችን ጉባኤ ላይ ሲከራከሩ የተናገሩት አማርኛ ነው፣ የንግግሩ ለዛ እንኳ ሳይጠፋ።

ጎንደር ከመጣችሁ አንድ ጠዋት ለበዓታ ተዉ። አቋቋም፣ ማለትም የማኅሌቱ ዝማሬና ሽብሸባ፣ የሚመሰከርበት (የተማረው ሊቅነቱ የሚረጋገጥበት) ደብር ነው። ከግንቦቹ በእግር ይደረሳል፤ የበዓል ቀን ከሆነ ከበሮውና ጸናጽሉ ራሱ ይመራችኋል። ነጠላችሁን አጣፉና ከኋላ ቁሙ።