ቅጠል አለ፣ አበባ የለም፦ የጸደይ መጀመሪያ አበቦች ችግርና መፍትሄ

ፌብሩዋሪ ሊያልቅ ሲል በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ መንደሮች ክሮከስ ከደረቀው ሣር መሐል ብቅ ይላል። ማርች የዳፎዲል ነው፣ ኤፕሪል የቱሊፕ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት ገዝተው ጓሮ ያገኙ ወገኖቻችን እነዚህን አበቦች በደስታ ይተክላሉ፤ የመጀመሪያው ዓመት ያምራል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ግን «ምን ነካቸው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

መልሱን ብዙ ሰው የሚፈልገው በዚያው ሳምንት ብርድና ዝናብ ውስጥ ነው፤ እዚያ ግን እምብዛም አይገኝም። ማርች ላይ የምናየው አበባ ከመሬት በታች ባለው፣ ሽንኩርት በሚመስለው ኮረት ውስጥ ተጸንሶ ያደረው ባለፈው ዓመት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት መፍትሄዎች አብዛኞቹ የሚሠሩት በሜይ ወይም በኦክቶበር ነው። ዛሬ ያጣነውን አበባ ዛሬ ማዳን አንችልም፤ የሚቀጥለውን ዓመት ግን እንችላለን።

ምልክት፦ ዳፎዲሉ ቅጠል ብቻ አወጣ

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ ዋናው ምክንያትም ቅጠሉ ያለጊዜው መቆረጡ ነው። አበባው ከረገፈ በኋላ ቅጠሉ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ፀሐይ እየሞቀ ለኮረቱ ስንቅ ማስገባት አለበት፤ የሚቀጥለው ዓመት አበባ የሚሠራው ከዚያ ስንቅ ነው። በእኛ ቤት ደግሞ ይህ ጊዜ ፋሲካ የሚውልበት ነው። ለበዓሉ ግቢ ይጸዳል፣ እንግዳ ይመጣል፣ የተጋደመውና ቢጫ መሆን የጀመረው ቅጠል ዓይን ያስቀይማል፤ ታጭዶ ይጣላል። እባካችሁ አትጨዱት። ጠውልጎ፣ በእጅ ሲሳብ ያለ ትግል እስኪለቅ ድረስ ተዉት። መልኩ ከከበዳችሁ ከፊቱ በበጋ የሚያብብ ሌላ ተክል ትከሉና ይሸፍነው። ቅጠሉን መጎንጎን ወይም በላስቲክ ማሰር የሚወዱ አሉ፤ ይህም ብርሃን ስለሚነፍገው ከመቁረጥ ብዙ አይሻልም። የሚቆረጠው የጠወለገው አበባ ራሱ ብቻ ነው፤ ተክሉ ጉልበቱን በፍሬ እንዳያባክን። ሣር የሚያጭዱላችሁ ሠራተኞች ካሉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ዳፎዲሉ ያለበትንም ቦታ በችካል አጥሩት።

ቅጠሉ በጊዜው ጠውልጎ ነበር የምትሉ ከሆነ አሁን ያለውን ቅጠል ተመልከቱ። ብዙ ሆኖ ቀጫጭንና የተፋፈገ ከሆነ ኮረቶቹ ተባዝተው ቦታ ጠቧቸዋል። ጁን ላይ ቅጠሉ ሲጠወልግ ቆፍራችሁ አውጧቸው፤ በእጅ የሚላቀቁትን ለያዩ፤ ከ15 ሴንቲ ሜትር ባላነሰ ጥልቀት፣ አራርቃችሁ መልሳችሁ ትከሉ። ቅጠሉ ሰፊ፣ ለምለምና ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ አበባ ከሌለው ደግሞ ለሣሩ የተበተነው ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ለእሱም ደርሶታል። ቀጭንና ደካማ ከሆነ ጥላውን ተመልከቱ፤ ከአምስት ዓመት በፊት ትንሽ የነበረው ዛፍ ዛሬ አድጎ ሊሆን ይችላል። አንድ ኮረት ብቻውን ሣር የመሰለ ቅጠል ካወጣ ቆፍራችሁ ጨምቁት። ለስላሳ ከሆነና ውስጡ አንድ ወፍራም ትል ከተገኘ የዳፎዲል ዝንብ እጭ ነው፤ ከቆሻሻ ጋር ይጣል።

ከተስተካከለ በኋላም አበባው በአንድ ዓመት ላይመለስ ይችላል። ሁለት ዓመት መጠበቅ ተገቢ ነው።

ምልክት፦ ቱሊፑ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰፊ ቅጠል ብቻ ሆነ

ይህ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ቱሊፕ የመካከለኛው እስያ ተራሮች ተክል ነው፤ ክረምቱ ብርድ፣ በጋው ደረቅና ሞቃት የሆነ አገር ልጅ። የዋሽንግተን በጋ ግን እርጥብና ወበቃማ ነው፤ በላዩ ላይ የሣር ውኃ ማጠጫው በየማለዳው ይከፈታል። ትልቁ ኮረት ይከፋፈልና ለማበብ አቅም የሌላቸው ትናንሽ ኮረቶች ይተካሉ፤ ያ ነጠላ ሰፊ ቅጠል የእነሱ ምልክት ነው። የተሻለ ዕድል ከፈለጋችሁ ዳርዊን ሃይብሪድ የሚባለውን ዝርያ ወይም ትንንሾቹን የዱር ቱሊፖች ምረጡ፤ በጋውን ውኃ በማይደርስበት ፀሐያማ ቦታ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አስጠልቃችሁ ትከሉ። ካልሆነ በየመኸሩ አዲስ መግዛት ነው። በየዓመቱ መግዛት ለማይችል ሰው የምመክረው ዳፎዲልን ነው፤ በአግባቡ ከተያዘ በዚያው ቦታ ለብዙ ዓመታት ያብባል።

ምልክት፦ የተከልሁት ጭራሽ አልወጣም፣ ወይም ተቀንጥሶ ተገኘ

አፈሩ ተቆፍሮ የኮረት ልጣጭ ከተበተነ ሽኮኮ ነው። አናቱ ተቀንጥሶ አገዳው ከቆመ አጋዘን ነው። ከላይ ምንም ሳይነካ ከታች ኮረቱ ከጠፋ የሜዳ አይጥ ነው። ቱሊፕና ክሮከስ ለሦስቱም ምግብ ናቸው። ዳፎዲል ግን መርዝ ስላለው አይነኩትም፤ ስለዚህ ቱሊፑን በዳፎዲል መሐል መትከል ይጠቅማል። ለሽኮኮ አስተማማኙ መከላከያ ከተከላችሁ በኋላ የዶሮ ሽቦ በላዩ ዘርግቶ አፈር ማልበስ ነው፤ ቅጠሉ በቀዳዳው ያልፋል። ሚጥሚጣ የሚበትኑ አሉ። ማቃጠሉ ለጥቂት ቀን ያሸሻቸዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ይታጠባል፣ የቤታችን ሚጥሚጣ ደግሞ ጨው አለው፤ ለአፈሩ አይሆንም።

ምንም የተቆፈረ ነገር ሳይኖር ካልወጣ ኮረቱን አውጥታችሁ ተመልከቱ። ከሥሩ ቡናማ ሆኖ ከላላ በስብሷል፤ ውኃ የሚቋጥር ሸክላ አፈር ነው ያጠፋው። እዚያው ላይ ሌላ አትትከሉ፤ መሬቱን በኮምፖስት ከፍ አድርጉት ወይም ወደ ተዳፋት ቦታ ሂዱ።

ምልክት፦ አበባው ከመሬት ሳይነሣ፣ ቅጠሉ መሐል ተቀርቅሮ ፈነዳ

ብርድ አንሶታል። ቱሊፕና ሃያሲንት የሚባለው ሌላው የጸደይ አበባ አገዳቸው እንዲረዝም ከ12 እስከ 16 ሳምንት ከ9 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች መቆየት አለባቸው። ዘግይቶ የተተከለ፣ በጋራዥ ውስጥ በማሰሮ የከረመ ወይም ሙቀት የሚያፈስ የቤት ግድግዳ ሥር ያለ ኮረት ይህን አያገኝም። በኦክቶበር መጨረሻና በኖቬምበር፣ ይኸውም ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ ከኮረቱ ቁመት ሦስት እጥፍ በሆነ ጥልቀት ውጭ ትከሉ።

በማቀዝቀዣ ማክረምም ይቻላል፤ ሁለት ነገር ግን አጥብቃችሁ ጠብቁ። አንደኛ፣ ፖም ካለበት ማቀዝቀዣ ውስጥ አይግባ፤ ከፖሙ የሚወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ውስጡ ያለውን አበባ ይገድለዋል። ሁለተኛው ከአበባም በላይ ነው፤ የዳፎዲል ኮረት ሽንኩርት ይመስላል። ተሳስቶ ወጥ ውስጥ ቢገባ ያስመልሳል፣ ሆድ ያሳምማል። በብሪታንያ የጤና ባለሥልጣናት በ2015 ሱቆች ዳፎዲልን ከአትክልት አጠገብ እንዳያስቀምጡ ያሳሰቡት በዚህ ምክንያት ነው። ወጥ ሠሪዋ እናት ወይም አክስት እንግሊዝኛ የማያነቡ ከሆነ በከረጢቱ ላይ በአማርኛ በትልቁ «መርዝ ነው፣ አይበላም» ብላችሁ ጻፉ፤ የሚቻል ከሆነ ከማእድ ቤት ጨርሶ ይውጣ።

ምልክት፦ እምቡጡ ደርቆ ወረቀት መሰለ

አበባው ጀምሮ መሐል ላይ ውኃ አጥቷል፣ ወይም ድንገተኛ ሙቀት መጥቶበታል። ዝናብ የሌለበት ማርች ከሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ አርኩት። ጃንዩዋሪ ላይ ቅጠል ቀድሞ ቢወጣ ግን አትደንግጡ፤ አትሸፍኑትም። ማርች 2017 ላይ የዘገየ ውርጭ የዋሽንግተንን የቼሪ አበቦች ብዙ ሲጎዳ አይተናል፤ ዳፎዲል ከዚያ ይጸናል። በሌሊት ውርጭ የተጋደመ ዳፎዲል ፀሐይ ሲያገኘው ብዙውን ጊዜ ራሱ ይነሣል፤ ገና በረዶ እንደያዘ በእጅ ለማቅናት ከሞከራችሁ ግን ይሰበራል።

ምልክት፦ የቱሊፑ ቅጠል ተጣመመ፣ እሳት የነካው የሚመስል ነጠብጣብ አወጣ

ፈንገስ ነው። ተክሉን ከነኮረቱ ነቅላችሁ ከቆሻሻ ጋር ጣሉ፤ ኮምፖስት ውስጥ አትክተቱ። በዚያ ቦታ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ቱሊፕ አይተከል። አበባው አንድ ዓይነት ቀለም ሳለ በድንገት ዝንጉርጉር ከሆነ ደግሞ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ የሚያስተላልፈው ቫይረስ ሊሆን ይችላል። በ1630ዎቹ ሆላንዳውያን ለእንዲህ ያለ ዝንጉርጉር ቱሊፕ የቤት ዋጋ ያህል ይከፍሉ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 1637 ገበያው ወደቀ። ዛሬ በዙሪያው ላሉት ቱሊፖች ሲባል ይነቀላል።

ምልክት፦ ወደ አዲስ አበባ የላክሁት ቱሊፕ አላበበም

የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቢቀዘቅዝም ቀኑ ይሞቃል፤ አፈሩ ለሳምንታት ሳያቋርጥ ከ9 ዲግሪ በታች አይቆይም። ለዘመድ መላክ ካስፈለገ፣ ተክል ወደ አገር ለማስገባት የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት መጠየቁን አትርሱ። የደረሰውን ኮረት ዘመዳችሁ ፖም በሌለበት ማቀዝቀዣ 14 ሳምንት ያህል ያቆየው፤ ከዚያ በማሰሮ ተክሎ ከቀትር ፀሐይ ይከልለው። የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነም አስቀድማችሁ ንገሩት። በየዓመቱ የሚመለስ አበባ የሚፈልግ ከሆነ ግን ብርድ የማይጠይቁትን ካላ ሊሊና ግላዲዮለስ ይትከል።