የጅማን ኮምጣጣ አፈር በኖራና በቡና ገለፈት ኮምፖስት ማከም

በጅማ ዙሪያ ብርቱ ዝናብ ካልሲየሙን አጥቦ ስለሚወስደው ቀዩ አፈር ይኮመጥጣል። የአፈሩ የኮምጣጣነት መለኪያ (ፒኤች) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ሟምቶ የሰብሉን ሥር ያቀጭጫል፤ ፎስፈረስ የተባለው የሰብል ምግብም ሰብሉ እንዳያገኘው ይታሰራል። የዚህ ምልክት ሆኖ የበቆሎው ቅጠል ወይን ጠጅ ከመሰለ ማዳበሪያ ከመጨመርዎ በፊት አፈሩን ያስመርምሩ። ማሳውን እየተጠማዘዙ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍረው ይውሰዱ፤ በንጹሕ ባልዲ ቀላቅለው 1 ኪሎውን ይላኩ። አመድ ከሚደፋበትና ከብት ከሚያድርበት አይውሰዱ፤ ውጤቱን ያዛባል።

ኮምጣጣነቱን የሚያበርደውን የኖራ መጠን የሚወስነው ምርመራው ነው፤ የጎረቤትን መቅዳት ገንዘብ ማባከን ነው። ከመዝራትዎ አንድ ወር ያህል ቀድመው፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት በትነው በእርሻ ይቀላቅሉት። ከዩሪያ ማዳበሪያ ጋር ግን አብረው አይበትኑት፤ ናይትሮጅኑ ይተናል።

ኖራ ብቻውን አይበቃም። ቡና መፈልፈያ ደጅ የሚከመረው ገለፈት ፖታሲየም አለው። ጥሬውን ማሳ ላይ ከደፉት ግን ሲበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማል፤ በቆሎውም ይገረጣል። ጥላ ሥር፣ በ1.5 ሜትር ስፋት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ገለፈት፣ 10 ሳንቲ ሜትር እርጥብ የግራዋ ቅጠል፣ 5 ሳንቲ ሜትር እበት እያደረጉ፣ ውሃ እያርከፈከፉ ይደራርቡ። መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት ይሰኩ። በሳምንቱ ነቅለው ይዳስሱት፤ ትኩስና እርጥብ ከሆነ ደህና ነው። ትኩስና ደረቅ ከሆነ ውሃ፣ ከቀዘቀዘ እበት ይጨምሩ። ከከረፋ ውሃ በዝቶበታል፤ ይገልብጡት። ክረምት ላይ በኮባ ቅጠል ይሸፍኑት። በየወሩ ከተገለበጠ ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ ጠቁሮ የጫካ አፈር ይሸታል፤ ያኔ ደርሷል።